የተራራ ስንቅና ከውጭ የሚመጣው እሽግ ምግብ፦ ሒሳቡ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ክረምቱ ወጥቶ ጭቃው ሲጠነክር ወደ ሰሜን ተራሮችና ወደ ባሌ የሚጓዘው ሰው ይበዛል። ዱሮ ድንኳን ተክሎ የሚያድረው በአብዛኛው የውጭ አገር ጎብኚ ነበር። ዛሬ ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደርና ከባሕር ዳር የሚነሱ ወጣቶች ተሰባስበው ይወጣሉ፤ ደስ ይላል። አብሮ የመጣው ጥያቄ ግን የስንቅ ጥያቄ ነው። «ፍሪዝ ድራይድ የሚባለው እሽግ ምግብ የት ይገኛል? ሙቅ ውሃ ጨምሮ መብላት ብቻ ነው ይባላል፤ ያዋጣል ወይ?» ይሉናል። በጉዞ ዝግጅት ላይ የምንሠራ ሰዎች ስለሆንን ለሁሉም አንባቢ እንዲደርስ በጋዜጣችሁ መልስ ለመስጠት ፈልገናል።

መልሳችን ይህ ነው፦ በአገራችን ለሚደረገው አብዛኛው ጉዞ አያዋጣም። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮና ቋንጣ ለተራራ እንዲሆኑ ተደርገው ከተዘጋጁ ለክብደታቸው በሚሰጡት ኃይል ከእሽጉ አያንሱም። ችግሩ ብዙ ሰው ለቤት ያዘጋጀውን ሽሮና ቋንጣ እንዳለ ይዞ ይወጣና፣ 3,600 ሜትር ላይ አልበስል ሲለው የአገሩን ስንቅ ይረግማል።

መጀመሪያ እሽጉ ለምን እንደሚወደድ እንይ። ምግቡ ይበስላል፤ ከዚያ ከዜሮ በታች ወደ 40 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ አየሩ በፓምፕ ወደ ተሳበ ዝግ ክፍል ይገባል። የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው አንድ መቶ ስድሳኛ ገደማ በታች ሲወርድ በረዶው ወደ ውሃ ሳይለወጥ በቀጥታ ተን ሆኖ ይወጣል። ምግቡ መጠኑንና ቅርጹን እንደያዘ ይቀራል፤ ውስጡ ግን እንደ ስፖንጅ ቀዳዳ በቀዳዳ ይሆናል። ሙቅ ውሃ ሲፈስበት በደቂቃዎች ውስጥ የሚለሰልሰው በዚህ ምክንያት ነው። ፀሐይ ወይም ሙቅ አየር ያደረቀው ሥጋ ግን ውሃው ሲወጣ አብሮ ይኮማተራል፤ ላዩም ይከርራል፤ ውሃ ተመልሶ ለመግባት ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነዋሪዎች ድንችን ሌሊት ለውርጭ፣ ቀን ለፀሐይ እያሰጡ ከጥንት ጀምሮ ተመሳሳይ ነገር ሲሠሩ ኖረዋል። የዛሬው ፋብሪካ ግን ማቀዝቀዣ፣ ፓምፕና ማሞቂያ አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ለአንድ ዙር ብቻ ያሠራል። ለቤት የሚሆነው ትንሹ ማሽን እንኳ በአሜሪካ ከ2,000 ዶላር በላይ ይሸጣል። እንግዲህ ገዢው ከምግቡ ሌላ ለኤሌክትሪኩና ለማሽኑም ይከፍላል።

አሁን ወደ ዋጋው። አንድ እሽግ በአሜሪካ ገበያ እንደየዓይነቱ ከ10 እስከ 15 ዶላር ያወጣል። 12 ዶላር እንበል። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት ዶላሩ በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ ያ እሽግ 700 ብር አይሞላም ነበር። ዶላሩ 130 ብር ሲገባ ያው እሽግ 1,560 ብር ሆነ፤ ማጓጓዣውና ቀረጡ ሳይጨመር ማለት ነው። እዚህ ላይ የሚያሳስተው እሽጉ ጀርባ ላይ «ለሁለት ሰው» ተብሎ የሚጻፈው ነገር ነው። ውስጡ ያለው ደረቅ ምግብ 130 ግራም ገደማ፣ ኃይሉም 550 ካሎሪ አካባቢ ነው። በሰሜን ተራሮች ከሳንቃበር ወደ ግጭ ወይም ከግጭ በእሜት ጎጎ በኩል ወደ ጨነቅ ሲሄድ የዋለ ሰው በቀን ከ2,500 እስከ 3,500 ካሎሪ ያስፈልገዋል። ስለዚህ አንዱን እሽግ ለሁለት መካፈል የማይታሰብ ነው፤ ለአንድ ሰው እራትም ቢሆን ከጎኑ ሌላ ነገር ይፈልጋል።

ቁርስ፣ ምሳና እራቱን በእሽግ የሚበላ ሰው በቀን 36 ዶላር አውጥቶ 1,650 ካሎሪ ብቻ ያገኛል። ለአራት ቀን 12 እሽግ፣ 144 ዶላር፣ በዚያው ምንዛሪ ከ18,000 ብር በላይ ይሆናል፤ የጎደለውን 1,000 ካሎሪ ደግሞ በየቀኑ ቆሎና ብስኩት በልቶ መሙላት አለበት። ማንኛውንም የጉዞ ምግብ ሲገዙ ዋጋውን በእሽግ ሳይሆን በ1,000 ካሎሪ ያስሉ። እሽጉ 22 ዶላር ገደማ ይመጣል። አንድ ኪሎ በሶ ወይም ሽሮ 3,500 ካሎሪ አካባቢ አለው፤ በየሰፈርዎ ገበያ ያለውን የኪሎ ዋጋ ለሦስት ተኩል ያካፍሉት። የንጥር ቅቤ ኪሎው ዋጋ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ወደ 8,800 ካሎሪ ስለሚይዝ ሲካፈል ያን ያህል አይከብድም። ከአገር ስንቅ እውነተኛው ውድ ነገር ቋንጣ ነው፤ አንድ ኪሎ ቀይ ሥጋ ደርቆ 300 ግራም ገደማ ብቻ ይወጣዋል።

ክብደቱስ? እሽጉ የሚሞገሰው በቅለቱ ስለሆነ ይህን በግራም ብናወዳድረው ይሻላል። ለአንድ ሰው እራት 100 ግራም ድርቆሽ፣ 50 ግራም ሽሮ፣ 30 ግራም የተወቀጠ ቋንጣና 25 ግራም ንጥር ቅቤ ቢያዝ በጠቅላላ 205 ግራም ነው፤ ካሎሪው ደግሞ 870 ገደማ ይሆናል። በአንድ ግራም 4.2 ካሎሪ ማለት ነው። እሽጉስ? 550 ለ130 ሲካፈል ያው 4.2 ነው። የማሸጊያው ከረጢት ክብደት ሲጨመርበት እንዲያውም ያንሳል። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም፤ የደረቀ ነገር በምንም ይድረቅ በምን ከውሃ ነፃ ከሆነ በኋላ በአንድ ግራም የሚሰጠውን ኃይል የሚወስነው ያለው ቅባት ነው። እሽጎቹ ለረጅም ዓመት እንዲቆዩ ቅባት ይቀነስባቸዋል። አንዳንዶቹ 30 ዓመት እንቆያለን ይላሉ፤ ለአራት ቀን ጉዞ ይህ ምን ይጠቅማል?

የቀኑን ሁሉ ብንደምር፦ ጠዋት 100 ግራም በሶ ከ20 ግራም ስኳርና ከ20 ግራም የዱቄት ወተት ጋር 540 ካሎሪ፤ ቀን ላይ 100 ግራም ጭኮና 100 ግራም ቆሎ ከኦቾሎኒ ጋር ተደባልቆ ከ1,000 ካሎሪ በላይ፤ ማታ ከላይ ያልነው እራት፤ ለሻይ ደግሞ 50 ግራም ስኳር። ክብደቱ 600 ግራም አይሞላም፤ ኃይሉ 2,600 ካሎሪ ነው። በጾም ወተቱ፣ ቅቤውና ቋንጣው ወጥተው በዘይትና በተልባ ወይም በሰሊጥ ይተካሉ፤ ክብደቱ ብዙም አይለወጥም። እሽግ የሚገዛ ጾመኛ ግን የሚመርጠው ነገር በጣም ይጠበዋል።

እንግዲህ ዝግጅቱ ላይ እንቆይ፤ ነገሩ የሚበላሸው እዚያ ነው።

ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ ውስጥ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ የሚፈላው ውሃ ግጭ ወይም ጨነቅ ላይ በ88፣ ራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ደግሞ በ85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እሳቱን ቢያበዙት ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም። ስለዚህ ጥሬ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ሩዝ ይዞ ወደዚያ መውጣት ነዳጅ ማባከን ነው። ቤት በ15 ደቂቃ የሚደርሰው ሽሮ እንኳ እዚያ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሆድም ይነፋል። እሽጉም ከዚህ አያመልጥም። «10 ደቂቃ» ተብሎ የተጻፈው ለቆላ ነው፤ 3,600 ሜትር ላይ 20 እና 25 ደቂቃ መጠበቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው በ10ኛው ደቂቃ ከፍቶ ውስጡ ጠጠር የሆነ ሥጋ ያገኝና ምግቡን ይወቅሳል። ማድረግ ያለበት ከረጢቱን አጥብቆ ዘግቶ በጋቢ መጠቅለልና በትዕግሥት መቆየት ነበር።

መፍትሔው ማብሰሉን ቤት መጨረስ ነው። ሽሮን በዚህ መንገድ እናዘጋጅ። ለግማሽ ኪሎ ሚጥን ሽሮ ሁለት ሊትር ውሃ፣ በጣም ደቆ የተከተፈ ሦስት ራስ ሽንኩርትና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በቂ ነው። ከዚህ የበለጠ ዘይት አይግባበት፤ ቅባት አይደርቅም፤ ሽሮው ምንጊዜም እንደረጠበ ይቀራል፤ በሳምንት ውስጥም ሽታው ይለወጣል። ሽንኩርቱ እስኪጠፋ ድረስ እያማሰሉ 40 ደቂቃ ያንተክትኩት። ወፍራም ሲሆን የኬክ ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ያስጡት። ምድጃው ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ላይ ሆኖ በሩ ጣት የሚያስገባ ያህል ተከፍቶ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይቆይ፤ በበጋ ፀሐይ ከሆነ ወንፊት ጨርቅ ተከድኖበት ሁለት ቀን ይፈጃል። ግማሹ ላይ ሲደርስ ቅርፊት ይይዛል፤ ያን ጊዜ ገልብጦ መሰባበር ያስፈልጋል። ሲደርቅ በእጅ ሲፈረፍር አቧራ ይሆናል፤ መሐሉ እንደ ቆዳ የሚለጠጥ ቦታ ካለበት አልደረቀም። ከዚያ መፍጨት ነው። ተራራው ላይ 50 ግራሙን በ200 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ በጥብጦ ከድኖ 10 ደቂቃ ማቆየት ይበቃል፤ ቅቤው ወይም ዘይቱ የሚጨመረው እዚያ ነው። ማንተክተክ የለም፤ ድስት ማሳረርም የለም። ምስር ክክ በዚሁ መንገድ ጥሩ ሆኖ ይወጣል። ሙሉ ሽምብራና ባቄላ ግን አይሞከር፤ ከደረቁ በኋላ ጠጠር ናቸው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው ውፍረቱ ላይ ነው። ጊዜ ለማትረፍ አንድ ጣት የሚያህል ያሰጣል፤ ላዩ ቶሎ ይደርቅና ክዳን ይሆናል፤ ውስጡ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል። ከረጢት ውስጥ ሲገባ ያ እርጥበት ቀስ ብሎ ይሰራጫል፤ ደባርቅ ሲደርስ ሻግቷል። ለማረጋገጥ የደረቀውን በንጹሕ የመስታወት ማሰሮ ሞልቶ፣ ዘግቶ፣ ለሁለት ቀን ማስቀመጥ ነው። መስታወቱ ውስጥ ላብ ከታየ ወይም ዱቄቱ ከጓጎለ ወደ ምድጃው ይመለስ።

ድርቆሽ ቀላል ይመስላል፤ ግን እሱም ያው ነው። የተጋገረ እንጀራ ከግማሽ በላዩ ውሃ ነው፤ ተቆራርጦ ካልተሰጣ መሐሉ ሳይደርቅ ጠርዙ ይከስላል። ሁለት ሙሉ የፀሐይ ቀን ይሰጠው፤ ማታ ማታ ጤዛ እንዳያገኘው ወደ ቤት ይግባ። ቀጭ ብሎ ሲሰበር ደርሷል፤ የሚታጠፍ ከሆነ ገና ነው። ከፀሐይ እንደተነሣ በትኩሱ ፌስታል ውስጥ አይግባ፤ ውስጡ ላብ ይፈጥርና ይሻግታል። ከዚያ በእጅ እየፈረፈሩ የባቄላ ፍሬ ያህል ማድረግ ነው፤ እንዳለ ከተያዘ ቦርሳ ይሞላል። 100 ግራሙ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር መረቅ ይጠጣል፤ መረቁን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ግማሹን ጨምሮ አምስት ደቂቃ ቆይቶ ሌላውን መጨመር ይሻላል፤ አለበለዚያ ከላይ ገንፎ፣ ከታች ደረቅ ይሆናል።

ቋንጣ ላይ አንድ ጉዳይ አጥብቀን መናገር እንፈልጋለን። ፀሐይና ነፋስ የኮሶ ትልን ይገድላሉ ብሎ መተማመን አይገባም፤ ተራራ ላይ ደግሞ ቋንጣውን በደንብ ለመቀቀል ነዳጁ አይበቃም። ስለዚህ ቤት ይብሰል። ጮማው በሙሉ ተነሥቶ፣ ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ ጨውና በርበሬ ተቀብቶ ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይሰቀላል። ከዚያ ምጣድ ላይ እስኪሰባበር ድረስ በደንብ ይቆላል፤ ሲበርድ በሙቀጫ ይወቀጣል። የተወቀጠው ቋንጣ ሽሮው ውስጥ በደቂቃ ይለሰልሳል፤ ያልተወቀጠው ግን ሌሊቱን ቢዘፈዘፍ ጥርስ ይሰብራል። እሽጉ ቋንጣን የሚበልጥበት አንድ ነገር ይህ ነበር፤ ሙቀጫ ልዩነቱን አጠፋው።

ለጭኮ 600 ግራም በሶና 400 ግራም ቅመም ያለው ንጥር ቅቤ በቂ ነው፤ 100 ግራሙ 560 ካሎሪ ይሰጣል። የጨነቅ ብርድ ላይ ግን እንደ ድንጋይ ይጠነክራልና ቤት ሳለ በጉርሻ መጠን ድቡልቡል አድርጎ፣ አንድ በአንድ ጠቅልሎ መያዝ ይገባል። ወደ አፋር ቆላ አይወሰድ፤ ቅቤው ቀልጦ ቦርሳውን ያበላሻል። በሶ ሲበጠበጥ ደግሞ ውሃው ቀድሞ ይግባ፤ 300 ሚሊ ሊትር ውሃ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ውስጥ፣ በላዩ 100 ግራም በሶ፣ ከዚያ አጥብቆ መነቅነቅ። በሶው ከቀደመ ታች ይጋገራል። በሶ ከተበጠበጠ በኋላ እሳት ስለማያይ ውሃው የግድ የታከመ ይሁን። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃው መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይፍላ፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ ተጨምሮ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆይ፤ ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ከሆነ ጊዜው ይራዘም። ምንጩ ንጹሕ ቢመስልም ከላይ በኩል ከብትና በግ እንደሚሰማራ አይረሳ።

ስለ ነዳጅ ጥቂት እንበል። በሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥ እንጨት መልቀም ክልክል ነው፤ የአስታውም ዛፍ ተራቁቷል። ጋዝ ጣሳ በአውሮፕላን በእጅም በሻንጣም አይጫንም፤ ጎንደር በአውሮፕላን የሚሄድ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብ። ሦስቱንም ማዕድ በእሽግ የሚበላ ሰው በቀን 1.35 ሊትር ውሃ ለምግብ ብቻ ያፈላል። በሶና ጭኮ የያዘው ግን ከሻይ ሌላ የሚያፈላው ለእራት ብቻ ነው፤ ግማሽ ሊትር ይበቃዋል። ብርድ ያደረበት ጣሳ ግፊቱ ይወድቃል፤ ሌሊት መኝታ ከረጢት ውስጥ አብሮ ማሳደር ነው።

በደናኪል በኩል ለሚጓዝ ደግሞ የእሽጉ ቅለት ጨርሶ ዋጋ የለውም። ኤርታሌ አካባቢ ውሃ የሚጫነው ከሌላ ቦታ ነው። 130 ግራም የሚመዝነው እሽግ 450 ሚሊ ሊትር ውሃ ስለሚፈልግ፣ ያን ውሃ ጭኖ የሄደ ሰው 580 ግራም ምግብ ጫነ ማለት ነው። እዚያ ብርቱካን፣ ዳቦና የቆርቆሮ ምግብ ቢይዝ ያው ነው፤ ነዳጁም ይተርፈዋል። ማድረቅ የሚያዋጣው መንገድ ላይ ምንጭ ካለ ብቻ ነው።

በሰሜን ተራሮች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አብዛኛው ተጓዥ የጭነት በቅሎ ይከራያል። በቅሎዋ ዕቃውን ከያዘች ክብደት ለመቀነስ ብሎ 18,000 ብር ማውጣት ምን ማለት ነው? በዚያ ላይ ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) እና በቅሎ ነጂው አጠገብ ተቀምጠዋል። እሽግ ለአንድ ሰው የተለካ ነው፤ ማዕድ አይሆንም። አንድ ድስት ፍርፍር ግን አራት ሰው ከብቦት ይበላል። ይህ ለእኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

እሽጉ የሚያሸንፍበት ቦታ አለ፤ ያንንም ሳንሸሽግ እንናገር። በባሌ የሳነቲን አምባ አቋርጦ ዕቃውን በራሱ ጀርባ ብዙ ቀን የሚሸከም ሰው፣ ዝናብና ብርድ ውስጥ ድስት ማጠብ የማይችል ሰው ይጠቀምበታል፤ ውሃ ጨምሮ፣ ከረጢቱ ውስጥ በልቶ፣ ሳያጥብ ይተኛል። ከፍታ የምግብ ፍላጎት በሚዘጋበት ጊዜም በርበሬና እርሾ ያለው ነገር አፍ ውስጥ አይገባም፤ አልጫ የሆነ ሩዝ ወይም ፓስታ ይሻላል። ቡድን ለሚመራ ሰው ሁለት እሽግ ለክፉ ቀን መያዝ ብልህነት ነው፤ የታመመ ሰው በ20 ደቂቃ ትኩስ ነገር ያገኛል፤ ዘንድሮ ባያስፈልግ ለከርሞ ይሆናል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሙሉውን ምግብ ትቶ በዚሁ መንገድ የደረቀ አትክልት፣ እንቁላል ወይም ፍራፍሬ ብቻ ለብቻው ማስመጣት ነው። በፀሐይ አጥጋቢ ሆነው የማይደርቁት እነሱ ናቸውና። 20 ግራም የደረቀ አተርና ካሮት ሽሮው ላይ ሲጨመር ማዕዱ ይለወጣል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ዘመድ ሊያመጣልን ነው የምትሉ፣ ሦስት ነገር አስታውሱት። ከምግቡ ውስጥ የአሳማ ሥጋ አለመኖሩን ጀርባውን አንብቦ ያረጋግጥ፤ የቁርስ እሽጎች ውስጥ በተለይ ይበዛል። ለጾም ከሆነ «ቪጋን» የሚል ይፈልግ፤ «ቬጂቴሪያን» ብቻ ከሆነ ወተትና እንቁላል ሊኖረው ይችላል። ጨው ደግሞ በአብዛኛው ይበዛበታል፤ የደም ግፊት ያለበት ሰው በቀን ሦስት ጊዜ አይብላው። እዚያው ለሚኖሩና እዚያው ተራራ ለሚወጡ ወገኖች ደግሞ ከአገር ቤት የሚላክላቸው ድርቆሽና ሽሮ የተራራ ምግብ መሆኑን እንነግራቸዋለን። ቋንጣ ግን አይላክ፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ከእኛ አገር የሚገባ የከብት ሥጋ አይፈቅድም።

እሽጉን ለሚጠቀም ጥቂት ማስጠንቀቂያ። ውስጡ ያለችው ትንሿ የአየር መምጠጫ ከረጢት ውሃው ከመግባቱ በፊት ትውጣ። ውሃው ከተጻፈው ትንሽ አንሶ ይጀመር፤ መጨመር ይቻላል፣ መቀነስ አይቻልም። ማንኪያው ረጅም ይሁንና ታችኛው ጥግ ድረስ ይማሰል፤ የደረቀው ዱቄት የሚደበቀው እዚያ ነው። ባዶው ከረጢት ፕላስቲክና አሉሚኒየም የተጣበቁበት ስለሆነ አይበሰብስም፤ እሳት ውስጥ ቢጣልም ብረቱ ይቀራል። ታጥፎ ወደ ከተማ ይመለስ። አውሬ ሽታውን ተከትሎ ይጎትተዋልና ሌሊት ከድንኳን ውጭ አይተው።

በመጨረሻ ለአገር ውስጥ የበሶ፣ የሽሮና የድርቆሽ አዘጋጆች ጥያቄ አለን። ሱቅ ውስጥ የምናገኘው የግማሽና የአንድ ኪሎ እሽግ ለቤት ነው። ለአንድ ሰው እራት የሚሆን፣ በስሎ የደረቀ 50 ግራም ሽሮና 100 ግራም ፍርፍር ድርቆሽ አንድ ላይ ቢታሸግ ገዢ አለው፤ ተጓዡ ብቻ አይደለም፣ የመስክ ሠራተኛውና ረጅም መንገድ የሚነዳው ሹፌርም ይገዙታል። እሽጉ ላይ የታሸገበት ቀን፣ የጾም ወይም የፍስክ መሆኑ፣ የሚፈልገው የውሃ መጠን በሚሊ ሊትርና የሚቆይበት ደቂቃ ይጻፍ፤ ደቂቃውም ለ2,000 ሜትርና ለ3,500 ሜትር ለየብቻው ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የተራራ ጉዞ አዘጋጆች
አዲስ አበባ